ልጆቻችን በዩኒቨርሲቲ ሲጽፉ ምንጭ የሚጠቅሱት መቼና እንዴት ነው? የአያት ቃልስ እንዴት ይጠቀሳል?



በእስራኤል በየዩኒቨርሲቲውና በየሚክላላው የሚማሩ ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ከፈተና ሌላ የጽሑፍ ሥራ ያቀርባሉ። ከእነዚህ ትልቁ በዕብራይስጥ «አቮዳ ሴሚናርዮኒት» የሚባለው ነው። ብዙዎቹ ስለ ወገናቸው መጻፍ ይመርጣሉ፤ ስለ ሰግድ፣ ስለ ሱዳን መንገድ፣ ስለ ሽማግሌዎች ዳኝነት፣ ስለ ሸክላና ስለ ብረት ሥራ። ያን ጊዜ ስልካቸውን ይዘው ወደ አያታቸው ይመጣሉ። «እስኪ እንዴት እንደ ነበረ ንገሩኝ» ይላሉ፤ ድምፅ ይቀዳሉ፤ አመስግነው ይሄዳሉ።

ከዚያ በኋላ ያ ቃል ወዴት ይሄዳል? በማን ስም ይጻፋል? መምህሩ ሲያነበው የማን ቃል መሆኑን ያውቃል? ይህን የሚወስነው «ምንጭ መጥቀስ» የሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ልጁ ሥርዓቱን ካላወቀ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ እሱ ራሱ በጽሑፍ ስርቆት ሊከሰስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የእናንተ ቃል ባለቤት የሌለው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎቹም፣ ቃላቸውን ለሚሰጡ ወላጆችና አያቶችም እንዲጠቅም አድርገን ከዚህ በታች አቅርበነዋል።

ምንጭ መጥቀስ ምንድን ነው?

ምንጭ መጥቀስ ማለት በጽሑፍ ውስጥ የቀረበው ነገር ከየት እንደ መጣ መናገር ነው። ከመጽሐፍ ከሆነ ጸሐፊውን፣ ከሰው አፍ ከሆነ የተናገረውን ሰው፣ ከቴፕ ወይም ከቪዲዮ ከሆነ ቀረጻውን ማስታወቅ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት በሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ከማን ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ምስክር የሌለው ነገር አይጸናም። በመጽሐፍ መጨረሻ የሚደረደረው የምንጮች ዝርዝር በአማርኛ «ዋቢ መጻሕፍት» መባሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ዋቢ ማለት ዋስ፣ እማኝ ማለት ነውና። በዕብራይስጥ ይህን ዝርዝር «ቢብሊዮግራፊያ» ይሉታል።

በመጽሐፈ አስቴርም ምሳሌውን እናገኛለን። ሁለት ጃንደረቦች ንጉሡን ለመግደል ሲማከሩ መርዶክዮስ ደረሰበት፤ ለአስቴርም ነገራት። አስቴር ነገሩን ለንጉሡ ስታደርስ በመርዶክዮስ ስም ነገረችው፤ የራሷ አላደረገችውም። ከነስሙም በመዝገብ ተጻፈ። ኋላ ንጉሡ እንቅልፍ ባጣበት ሌሊት መዝገቡ ሲነበብ የመርዶክዮስ ስም ተገኘ። ሊቃውንቱ ከዚህ ታሪክ ተነስተው የሰሙትን ነገር በተናገረው ሰው ስም መናገር ትልቅ ዋጋ እንዳለው ያስተምራሉ።

በዩኒቨርሲቲ ምንጭ መጥቀስ ሦስት ጥቅም አለው። አንባቢው ተጠራጥሮ ማጣራት ቢፈልግ መንገዱን ያገኛል። ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው የሚገባውን ያገኛል። ደግሞም የተማሪው ሐሳብ የትኛው እንደሆነ፣ ከሌላ የመጣው የትኛው እንደሆነ ይለያል። መምህሩ ውጤት የሚሰጠው ለተማሪው ሐሳብ ስለሆነ ይህ ልዩነት ግልጽ ሆኖ መታየት አለበት።

መቼ ነው መጥቀስ የሚያስፈልገው?

1. ቃል በቃል ሲወሰድ። ተማሪው የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከወሰደ በትእምርተ ጥቅስ (በዕብራይስጥ «ሜርካኦት») ውስጥ ያስገባዋል፤ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን አጠገቡ ይጽፋል። ስሙን ጽፎ ትእምርተ ጥቅሱን ቢተው እንኳ ስሕተት ነው፤ አንባቢው ቃላቱ የተማሪው ይመስሉታልና።

2. ሐሳቡ ተወስዶ ቃላቱ ሲለወጡ። ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቃላቱን ስለለወጡ ጽሑፉ የእነሱ የሆነ ይመስላቸዋል። ሰው ልብስ ቢቀይር ያው ሰው ነው፤ ሐሳቡም እንደዚሁ። ትእምርተ ጥቅስ አያስፈልግም፤ የባለቤቱ ስምና ዓመቱ ግን መጻፍ አለበት።

3. ቁጥር ሲጻፍ። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች ስንት ወገኖቻችን እንዳለቁ የሚጽፍ ተማሪ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው መናገር አለበት። ብዙ ጊዜ ወደ 4,000 ይባላል። ነገር ግን በየመንገዱ የተቀበረውን ሁሉ አንድ በአንድ የመዘገበ ስላልነበረ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ስለዚህ የማን ግምት እንደሆነ መታወቅ አለበት።

4. ፎቶ፣ ሥዕል፣ ካርታና ሠንጠረዥ ሲገባ። ከቤተሰብ አልበም የወጣ ፎቶ እንኳ ቢሆን የማን እንደሆነ፣ ቢታወቅ የት እና መቼ እንደ ተነሣ ከሥሩ ይጻፋል።

5. ከሰው አፍ የተሰማ ነገር ሲጻፍ። የአያት ትረካ፣ የቄስ ማብራሪያ፣ በሬዲዮ የተላለፈ ቃለ መጠይቅ ሁሉ ምንጭ ነው። በወረቀት ያልታተመ ነገር መጠቀስ የለበትም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

6. ተማሪው ቀድሞ ለሌላ ኮርስ ካቀረበው ሥራ ሲወስድ። የራሱ ጽሑፍ ቢሆንም ይህን ማሳወቅ አለበት። አንዱን ሥራ ሳይናገር ለሁለት ኮርስ ማቅረብ በብዙ ተቋማት ክልክል ነው።

የማያስፈልገውስ መቼ ነው?

ሁሉ የሚያውቀውና ማንም የማይከራከርበት ነገር ምንጭ አያስፈልገውም። ሰግድ ማርሔሽዋን 29 ቀን እንደሚከበር፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን እንደሚውል፣ የሰለሞን ዘመቻ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. (ሜይ 1991) እንደተካሄደ ለመጻፍ ዋቢ መጥራት አያሻም። በ2008 ክኔሴት ሰግድን የመንግሥት በዓል ያደረገ ሕግ አውጥቷል ብሎ ለመጥቀስም ምንጭ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል ሲተነትን ግን ሕጉን መጥቀስ ግድ ነው።

ተማሪው ራሱ አስቦ የደረሰበት መደምደሚያና ራሱ ያየው ነገርም የራሱ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ሲያጋጥመው ግን ቢጠቅስ ይሻላል። ምንጭ ያበዛ ተማሪ ቢበዛ «ይህ አያስፈልግም ነበር» ይባላል፤ የተወ ግን ሊከሰስ ይችላል።

መጥቀስ ማለት መስማማት አይደለም

ይህን በተለይ ወላጆች እንድትረዱልን እንፈልጋለን። ልጁ ስለ ቤተ እስራኤል አመጣጥ ቢጽፍ የተለያየ ነገር የሚሉ ምንጮች ያጋጥሙታል። ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 በሰጡት ውሳኔ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ ናቸው ብለዋል። የታሪክ ተመራማሪው ስቲቨን ካፕላን ደግሞ በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ማኅበረሰቡ በ14ኛው እና በ16ኛው መቶ ዘመን መካከል እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ ተለይቶ እንደ ወጣ ይከራከራሉ። አያቱ ደግሞ ከአባቶቹ የወረደለትን ይነግረዋል።

ልጁ የካፕላንን ሐሳብ በጽሑፉ ቢያስገባ አያቱን ካደ ማለት አይደለም። «ካፕላን እንዲህ ይላሉ» ብሎ ሲጽፍ ቃሉን ለባለቤቱ እየመለሰ ነው። ቀጥሎ «አያቴ ደግሞ ከአባታቸው የሰሙትን እንዲህ ሲሉ ነግረውኛል» ብሎ ሁለተኛውን ምስክር ማቆም ይችላል። ያለ ምንጭ «ቤተ እስራኤል የመጡት ከዚህ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን የማን ቃል እንደሆነ ስለማይታወቅ ጽሑፉ በየትኛውም ወገን አይጸናም።

ሌላም ነገር አለ። በድሮ መጻሕፍት ርእስ ላይ እኛ የማንወደው «ፈላሻ» የሚለው ስም ይገኛል። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ያሳተሙት የቤተ እስራኤል የግእዝ ጽሑፎች ስብስብ ስሙን በርእሱ ይዟል፤ የካፕላን መጽሐፍም በቅንፍ ያስገባዋል። ተማሪ የመጽሐፍን ርእስ ሲጠቅስ እንደታተመ መጻፍ አለበት፤ መለወጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በልጁ የምንጭ ዝርዝር ላይ ይህን ስም ብታዩ ልጁ ሊሰድብ ጽፎት አይደለም። በራሱ ዓረፍተ ነገር ግን «ቤተ እስራኤል» ብሎ መጻፍ የእሱ ፋንታ ነው።

እንዴት ነው የሚጠቀሰው?

አንድ ምንጭ በጽሑፍ ውስጥ በሁለት ቦታ ይታያል። በመጀመሪያ እዚያው ነገሩ በተጻፈበት ቦታ ባጭሩ፣ ቀጥሎ በጽሑፉ መጨረሻ ባለው ዝርዝር ውስጥ በሙሉ። አጭሩ ረጅሙን ለማግኘት እንደ ምልክት ነው። በመካከል የተጠቀሰ ምንጭ በመጨረሻው ዝርዝር ከሌለ፣ ወይም በዝርዝሩ ያለው በመካከል ካልተጠቀሰ መምህሩ ጉድለት ብሎ ይቆጥረዋል።

አጻጻፉ እንደ ትምህርት ክፍሉ ይለያያል። በሥነ ልቦና፣ በትምህርት፣ በማኅበራዊ ሥራና በመሳሰሉት ክፍሎች የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው ኤ.ፒ.ኤ. የሚባለው ሥርዓት በሰፊው ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት ከዓረፍተ ነገሩ ጋር በቅንፍ ውስጥ የጸሐፊው ስምና ዓመቱ ይጻፋል፤ ለምሳሌ (ካፕላን፣ 1992)። ቃል በቃል የተወሰደ ከሆነ ገጹ ይጨመራል። የተወሰደው 40 ቃላትና ከዚያ በላይ ከሆነ ትእምርተ ጥቅሱ ቀርቶ ገባ ብሎ በተለየ አንቀጽ ይቀመጣል። ጸሐፊዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የመጀመሪያው ስም ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። በመጨረሻው ዝርዝር ላይ የጸሐፊው ስም፣ ዓመቱ፣ የመጽሐፉ ርእስና ያሳተመው ድርጅት በቅደም ተከተል ይሰፍራሉ።

በታሪክና በመሳሰሉት ክፍሎች ብዙ ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ይመረጣል፤ በዕብራይስጥ «ሄአራት ሹላዪም» ይባላል። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንሽ ቁጥር ይደረግና ከገጹ ሥር በዚያው ቁጥር ምንጩ ይጻፋል። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ ለእስራኤል የሕግ ጽሑፎች የወጣውን የራሳቸውን የጥቅስ ደንብ ይከተላሉ። የትኛው የተሻለ ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ተማሪው ማርጼውን ወይም የትምህርት ክፍሉን መመሪያ ጠይቆ አንዱን ይያዝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ይከተል።

ከኢንተርኔት የተወሰደ ነገር ከሆነ የጸሐፊው ስም፣ ቀኑ፣ ርእሱ፣ የገጹ ስምና አድራሻው ይጻፋል። ከሬዲዮ ከሆነ የፕሮግራሙ ስም፣ የተናገረው ሰው፣ ጣቢያውና የተላለፈበት ቀን ይጻፋል። ዊኪፔዲያ መነሻ ለማግኘት ይጠቅማል፤ መምህራን ግን እንደ ዋና ምንጭ ብዙም አይቀበሉትም።

ከሁለተኛ እጅ የተገኘ ነገርም ሥርዓት አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ቤተ እስራኤል በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ጽፏል። ተማሪው የብሩስን መጽሐፍ ሳይከፍት በሌላ ጸሐፊ ውስጥ ጥቅሱን ካገኘ «ብሩስ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብሎ ይጽፋል። ያላነበበውን እንዳነበበ ማስመሰል የለበትም። በሽማግሌ ፊት «አየሁ» እና «ሰማሁ» የሚለያዩት እንዲሁ ነው።

ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ ሲጠየቁ የመጽሐፍ ስም፣ ጸሐፊና ዓመት አሳምረው ይደረድራሉ፤ አንዳንዴ ግን መጽሐፉ ጭራሽ በዓለም ላይ የለም። ተማሪው በዓይኑ ያላየውን ምንጭ በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት የለበትም። በመሣሪያው የተጠቀመበት ሥራ ካለም ተቋሙ በሚያዘው መንገድ ማሳወቅ አለበት። ምንጮችን መዝግቦ ለመያዝ የሚረዳ ዞቴሮ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያሉ ሠራተኞችም ይረዳሉ።

የኢትዮጵያ ስምና የኢትዮጵያ ዘመን

ኢትዮጵያ የታተመ መጽሐፍ ወይም ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ሲጠቀስ ሁለት ነገር ያሳስታል።

የመጀመሪያው ስም ነው። በፈረንጅ ሥርዓት የቤተሰብ ስም ይቀድማል። በአገራችን ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሰውዬው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የታሪክ ምሁሩን ታደሰ ታምራትን «ታምራት» ብሎ መጥቀስ አባቱን እንደ መጥራት ነው። በኢትዮጵያ ጥናት መጻሕፍት «ታደሰ ታምራት» ተብሎ ሙሉ ስሙ፣ በዝርዝርም በ«ታደሰ» ቦታ ይገባል። የልጁ ክፍል በፈረንጁ ሥርዓት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ማርጼውን አስቀድሞ ቢጠይቅና አንድ መስመር ማብራሪያ ቢጨምር ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ዘመን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ልጁ 1958 ብሎ ብቻ ቢጽፍ አንባቢው በፈረንጅ 1958 ይመስለዋል። ትክክለኛው አጻጻፍ 1958 ዓ.ም. (1965/66) ነው። ልዩነቱ ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጆች ጃንዩዋሪ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል።

ይህ ጉዳይ በእናንተ ቃል ላይ የበለጠ ይከብዳል። እናት «በ77 ከሱዳን ወጣን» ስትል በ1977 ዓ.ም. ማለቷ ነው፤ በፈረንጅ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 ያለው ጊዜ፣ የሙሴ ዘመቻ የነበረበት ነው። ልጁ ሳይጠይቅ 1977 ብሎ በዕብራይስጥ ከጻፈ እናቱ ከዘመቻው ሰባት ዓመት አስቀድማ የመጣች ሆና ትቀራለች። «በ83 መጣን» የሚሉ ወገኖችም ብዙዎቹ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የመጡ ናቸው። ዓመት ስትናገሩ «በእኛ አቆጣጠር» ማለትን አትርሱ።

የሰው ቃል ሲጠቀስ

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። የነበረ ሰው ቃል በዩኒቨርሲቲም ክብር አለው። ስለ ቤተ እስራኤል ከተጻፉት የታሪክና የባህል ጥናቶች ብዙዎቹ ከአባቶችና ከእናቶች በተሰበሰበ የቃል ምስክርነት ላይ የቆሙ ናቸው። ኬይ ካውፍማን ሸለሜ በ1973 ኢትዮጵያ ውስጥ የቀዱት የቄሶች ዜማና ጸሎት በ1986 ለታተመው መጽሐፋቸው መሠረት ሆኗል። የጄምስ ኩዊሪን የ1992 የታሪክ መጽሐፍም ከጽሑፍ ምንጭ ሌላ ከሽማግሌዎች የተሰበሰበ ቃል ተጠቅሟል።

የሰው ቃል በሁለት መንገድ ሊገባ ይችላል፤ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው፣ ሰውዬው እንደ አዋቂ ሲጠየቅ ነው። ልጁ ስለ ሰግድ አከባበር ወይም ስለ መንደሩ ታሪክ ከአያቱ ጠይቆ ሲጽፍ፣ አያቱም ፈቅደው በስማቸው ይጠቀሳሉ። በኤ.ፒ.ኤ. ሥርዓት ይህ «ቲክሾሬት ኢሺት» (የግል ግንኙነት) ይባላል። በቅንፍ ውስጥ ስሙ፣ «የግል ግንኙነት» የሚለው ቃልና ቀኑ ይጻፋል። አንባቢው ሄዶ ሊያነበው የሚችል ነገር ስላልሆነ በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስማችሁን ብታጡ ልጁ ረስቶ ላይሆን ይችላል፤ በመካከል መኖሩን ግን አረጋግጡ። በ2019 የወጣው የኤ.ፒ.ኤ. 7ኛ እትም ስለ ነባር ሕዝቦች የቃል ትውፊት ሲናገር የተናጋሪውን ሙሉ ስም፣ ወገኑንና አካባቢውን መጻፍ እንደሚገባ፣ ስማቸው እንዲወጣ መፍቀዳቸውንም ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የእኛም ልጆች ይህን አርአያ ቢከተሉ መልካም ነው። በታሪክ ክፍል ከሆነ በግርጌ ማስታወሻ «ከእገሌ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» ተብሎ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል።

ሁለተኛው፣ ሰውዬው የጥናቱ ተሳታፊ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ተማሪው ብዙ አረጋውያንን ስለ ጤናቸው፣ ስለ ብቸኝነት ወይም ስለ ቤተሰብ ችግር ቢጠይቅ፣ የሰዎቹን ገመና ለመጠበቅ ስማቸው አይጻፍም። የተለወጠ ስም ወይም ቁጥር ይሰጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ስማችሁ አለመኖሩ ጥበቃ ነው። ልጁ ከሁለቱ በየትኛው መንገድ እንደሚጠይቃችሁ አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል።

በሁለቱም መንገድ ቋንቋው መጠቀስ አለበት። በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተናገራችሁት በዕብራይስጥ ሲጻፍ «ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ተደርጓል፤ ትርጉሙ የእኔ ነው» የሚል መስመር ያስፈልጋል። ትርጉም ቢሳሳት ስሕተቱ የተርጓሚው መሆኑ ይታወቃል። በዕብራይስጥ አንድ ለአንድ አቻ የማይገኝለት ቃል ሲያጋጥም ልጁ ቃሉን እንዳለ ጽፎ ቢያብራራው ይሻላል። የተቀዳው ድምፅ በጽሑፍ ሲገለበጥ («ቲምሉል») በሥራው መጨረሻ እንደ አባሪ («ኒስፓህ») ሊያያዝ ይችላል።

ምንጭ ባይጠቀስ ምን ይሆናል?

የሌላውን ቃል ወይም ሐሳብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በዕብራይስጥ «ግኔቫ ስፍሩቲት» ይባላል፤ የጽሑፍ ስርቆት ማለት ነው። መምህራን ጽሑፍን ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚያስተያዩ ፕሮግራሞች አሏቸው። የተያዘ ተማሪ «ቫአዳት ሚሽማአት» በሚባለው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ይችላል። ቅጣቱ እንደ ተቋሙ ደንብ ነው፤ ሥራው ሊሰረዝ፣ ኮርሱ ሊወድቅ፣ ተማሪው ለጊዜው ሊታገድ ይችላል። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ አያድንም። ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማር፣ ለቤተሰቡ የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ በስርቆት ሐሳብ ሳይሆን ሥርዓቱን የሚያስተምረው አጥቶ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ጠይቆ መማር ይሻለዋል።

ልጁ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ

ልጁ ድምፅ መቅጃውን ከመክፈቱ በፊት እነዚህን ነገሮች ተነጋገሩ።

ጽሑፉ ለምን ኮርስ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ወደ ፊት በመጽሐፍ ወይም በኢንተርኔት ይወጣ እንደሆነ ጠይቁ።

«ቶፌስ ሃስካማ» የሚባል የፈቃድ ወረቀት እንድትፈርሙ ቢሰጣችሁ በዕብራይስጥ ስለተጻፈ ብቻ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። በአማርኛ ያንብብላችሁ፤ አንዱን ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ። የማትፈልጉትን ጥያቄ ማለፍ፣ በመካከልም ማቆም መብታችሁ ነው።

በየትኛው ስም እንደምትጠሩ ንገሩት። እስራኤል ስንገባ የብዙዎቻችን የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል፤ አንዳንዶችም የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ወገን የሚያውቃችሁ በአገር ቤት ስማችሁ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፍ። የዕብራይስጥ ጽሑፍ አናባቢውን ሁሉ ስለማያሳይ የሰውና የመንደር ስም በመጀመሪያ በፊደላችን ይጻፍ፤ እናንተ ካልጻፋችሁ ፊደል የሚያውቅ የቤት ሰው ይጻፍላችሁ።

ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለይታችሁ ንገሩት። «ይህን በዓይኔ አይቻለሁ»፣ «ይህን አባቴ ነግሮኛል»፣ «ይህ በመንደር የሚወራ ነበር» በሉት። የማታስታውሱት ነገር ካለ «አላስታውስም» ማለት ነውር የለውም፤ ምስክርነቱን ያጠነክረዋል።

ስለ ሌላ ሰው የምትናገሩት ገመና ካለ ስሙ እንዳይጻፍ አስጠንቅቁት። ያ ሰው ፈቃድ አልሰጠም።

በመጨረሻም ከማስረከቡ በፊት የእናንተን ቃል የያዘውን ክፍል በአማርኛ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። የተሳሳተ ስም፣ የተዛባ ዓመት ወይም ያልተናገራችሁት ነገር ካለ ያኔ ይታረማል። ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ በቤት ይቀመጥ፤ የተቀዳውም ድምፅ ከልጁ ስልክ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ስልክ ይሰበራል፤ ኋላ የሚመጣ የልጅ ልጅ ስለ ቤተሰቡ ሲጽፍ ያንኑ ድምፅ ከነስማችሁና ከነቀኑ ሊጠቅሰው ይችላል።